ኮርቻ ላይ ቀጥ ያለ ወገብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ እንጅባራ

ዛሬ ታካሚዬ አያ ደሴ ወደ ሆስፒታሉ በፈረስ መጡ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ ወንበር ላይ ባስቀመጥኳቸው ቁጥር ወደ ግራ ይዘማሉ። ይህን ወገብ ለማቅናት ያልሞከርኩት ነገር የለም። በዘንገና በኩል ያለው መንገድ ጭቃው ስላልደረቀ ባጃጅ እምቢ ብሎ፣ ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ደግፈው ኮርቻ ላይ ነው ያመጧቸው። በመስኮት ሳያቸው ደሜ ፈላ፤ በሽተኛ በፈረስ! ከዚያ ወገባቸውን አየሁ። ቀጥ ብሏል። ፈረሱ በተራመደ ቁጥር ሰውነታቸው ራሱ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሮጬ ወጣሁ።

«ልጄ፣ አትቆጣ፤ ሌላ መምጫ አጥተን ነው» አሉኝ።

«ኧረ አያ፣ እንዳይወርዱ! አንዴ ግቢውን ይዙሩልኝ።»

ዞሩ። ወገባቸው እንደቀና ዞሩ። ይህን ለማን ልንገር? በሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሐኪሞቹ ሥራዬ ማሸት ነው። ጎንደር አብሮኝ ለተማረው ጓደኛዬ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። አጠገቤ የቆመው የበር ጥበቃው ብቻ ነው። ክንዱን ያዝኩት።

«አየህ? አየህልኝ?»

ትኩር ብሎ አየ።

«አዎ» አለኝ፣ «ፈረስ ማለት እንዲህ ነው!»