ከአስር ስንት?

ጥር 6
ጠዋት የሁለት ሰው ፀጉር ቆረጥኩ። ሦስተኛው ላይ ወገቤ ያዘኝ። ደንበኛዬ ታክሲ ነጂው ነበር ወንበሩ ላይ።
«ጋሼ፣ ምነው ጆሮዬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ? ሊተዉልኝ ነው?»
ሳቅን። «ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ እንጂ፤ ስንት ዓመት ኪኒን ሲውጡ ይኖራሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው። መቆም ካቃተኝ ፀጉር ቤቱን መዝጋት ነው። ከዚያስ? ልጄ ቤት ጥግ ይዤ ልጦር? አያድርስ።

ጥር 7
ፈለግኩ። አንዱ ጎመን ቀቅለህ ውሃውን ጠጣ አለ። አንዱ ፍራሽ ሊሸጥልኝ ፈለገ። አንዱ ደግሞ ማኅፀኔን እንድመረመር መከረኝ። ብቻዬን እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

ጥር 11
ታክሲ ነጂው እሱ ያለበት የኢንተርኔት ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። ለካ እሱም ትከሻውን ያመዋል! ሁሉም የቆየ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ግሩፑን የምትመራው ፊዚዮቴራፒስት በየጠዋቱ «ሕመማችሁ ዛሬ ከአስር ስንት ነው?» ትላለች። አንዷ የወጥ ቤት ሠራተኛ «ስድስት፤ አማቴ ከመጣች ዘጠኝ» ብላ ጻፈች። እኔ «ተመስገን» ብዬ ጻፍኩ።

ጥር 14
ፊዚዮቴራፒስቷ ደወለች። «አባቴ፣ በየቀኑ ተመስገን ይሉኛል። ቁጥሩስ?»
«ደህና ነኝ ልጄ።»
«ደህና ከሆኑ ምን ልዘዝልዎት?»
ማማረር ኃጢአት እየመሰለኝ ነው። ግን ፈጣሪ ፊትስ ወገቤን አንስቼ አውቃለሁ? ለጎረቤት እለምናለሁ፣ ለመንገደኛ እለምናለሁ፣ የራሴን እዘላለሁ። ትሕትና ነው ወይስ ኩራት? ባለቤቴም፣ ነፍሷን ይማር፣ «ደህና ነኝ» እያለች አይደል ያመለጠችኝ?

ጥር 15
ጸሎቴን አደረስኩ። ዛሬ ወገቤንም ጨመርኩ። ከዚያ ለግሩፑ «ሰባት። ተመስገን» ብዬ ጻፍኩ።
የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ወዲያው፣ «እሰይ ጋሼ! እንኳን ታመሙልን!»

ጥር 29
ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችልኝን እየሠራሁ ነው፦ መሬት ተኝቶ ጉልበት ማጠፍ፣ ግድግዳ መግፋት... ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልተንከባለልኩም። ስቆርጥም ከፍ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጬ እንዲሆን ታዘዝኩ። ታክሲ ነጂው፣ «ጋሼ፣ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዳኛ ፊት የቀረብኩ መሰለኝ» አለ። ጥፋተኛ ነህ ብዬ ጺሙን ላጨሁት።
ዛሬ አምስት።

የካቲት 8
የደንበኛ ፀጉር እየቆረጥኩ ሳለ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ እንዴት ነህ?»
«ተመስገን። ግን ዛሬ ወገቤን ትንሽ አሞኛል።»
አለቀልኝ፣ «ፀጉር ቤቱን ዘግተህ ና» ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።
«አባዬ... እኔም እኮ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንተ ሁሌ ደህና ስትሆንብኝ በምን አፌ ልንገርህ?»
እኔ እሷን እንዳላስጨንቅ፣ እሷ እኔን... ስንት ዓመት ሙሉ!
ደንበኛው ግማሽ ፀጉሩ ቀርቷል። በመስታወቱ አየኝና በእጁ «ግድ የለም» አለኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ።
«ንገሪኝ ልጄ፤ አልቸኩልም» አልኳት።