ከጫማ እስከ ዓይን

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 8

ዝናብ። ከፖላንድ ያዘዝኩት ፖስታ ደረሰ። ለክበባችን የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ጨዋታ የሚሆኑ ትንንሽ የብረት ወታደሮች... የኛው የእንግሊዝ ጦር፣ በአፍጋኒስታን ዘመቻ ልብስ፣ ቀለም ያልነካቸው። ሳጥኑ ላይ «28 ሚሊሜትር» ይላል። ውሸት! ማስመሪያ አጠገብ ሳቆማቸው ከጫማ እስከ ዓይን 26 እንኳ በግድ ነው። የኖቲንግሃሙ አምራች ደግሞ እዚሁ ደጃችን ተቀምጦ 28 ብሎ 30 ይልካል። አንዱ እስከ ዓይን ይለካል፣ ሌላው እስከ ሄልሜቱ ጫፍ። ማን ይቆጣጠራቸዋል?

ለክበባችን መጽሔት የማወዳደሪያ ጽሑፉን ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የምለው ያው ነው፤ የሁለት አምራች ወታደር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀላቀልም። አጭሩ ከረጅሙ ጎን ሲቆም የአባቱን ጠመንጃ ሰርቆ የወጣ ልጅ ይመስላል። ፖላንዶቹን መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርኳቸው። ለአምራቹ ይመለሳሉ።

ክሬግ ዛሬም ከፎቅ አልወረደም። እናቱ ሺላ ምሳውን ደጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከአፍጋኒስታን ጦርነት ከመጣ ይኸው ከክረምት ክረምት ሊሆን ነው። ልጃችን ቤት ገባ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ገባ ልበል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 10

ሺላ አለቀሰች። «እነዚህን አሻንጉሊቶች ከምታይበት ዓይን ግማሹን ለልጅህ ብትሰጠው ምናለበት?» አለችኝ። አሻንጉሊት አይደሉም ልላት ነበር... ተውኩት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 13

የጦር ሙታን መታሰቢያ። ሰው ሁሉ ቀይ አበባውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ወደ ሐውልቱ ሄደ፣ ሺላም ጭምር። ክሬግ አልሄደም። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ እኔም ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊያፈላ ወረደ። መስኮቱ ጋ ቆመ። ከፖላንዶቹ አንዱን አነሳና አገላብጦ አየው። ቆይቶ፣ «ይሄ ዶብሰንን ይመስላል» አለ።

ዶብሰን ጓደኛው ነው፣ እዚያው የቀረው። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። በስንት ወሩ አንድ ነገር ተናገረ! «አጭር ነበር እንዴ?» ብለው ምን ነበረበት? እኔ ጅሉ ግን ምን አልኩ...

«እሱ የሚመለስ ነው። ልኩ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰው። «እሺ አባዬ» ብሎ ወጣ። ሻዩን እንኳ አልወሰደም።

ምላሴን በቆረጠው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 16

በሩን አንኳኳሁ። «ደክሞኛል» አለ ከውስጥ። ደግሜ አላንኳኳሁም። ፈራሁ መሰለኝ... የገዛ ልጄን።

ኖርማን ከክበቡ ደወለ። ማወዳደሪያው የታለ ይላል።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት።

«አንተ ነህ ቆይ የምትለኝ? ምነው፣ ማስመሪያህ ጠፋ?»

እሱ ሳቀ። እኔ ስልኩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 19

ያንን ክሬግ ያነሳውን ወታደር ቀባሁት። እንዲህ ተጠንቅቄ ቀብቼ አላውቅም። ከኖቲንግሃሞቹ መሃል ሳቆመው ግን አነሰ፤ ዓይን ይወጋል። ከእግሩ ሥር ትንሽ የብሎን ሮንዴላ በሙጫ አጣበቅኩለትና ዙሪያውን በአሸዋ ሸፈንኩት። አሁን ዓይኑ ከጓደኞቹ ዓይን እኩል ሆነ። ነገ አሳየዋለሁ። ይቅርታ ማለቴ እንደሆነ ይገባው ይሆን?

እሑድ፣ ኖቬምበር 20

ምነው እጄን በሰበረው!

ይዤለት ወጣሁ። ከፈተልኝ። በመዳፉ ይዞ ብዙ አየው፣ ደስ ያለውም መሰለኝ። ከዚያ ገለበጠው።

«ከእግሩ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ማስተካከያ ነው። ከጓደኞቹ እኩል እንዲሆን ብዬ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የምሽጉ ግንብ እኔን ደረቴ ድረስ ነበር» አለ። «ዶብሰንን ግንባሩ ድረስ። አይታየኝም፣ አይታየኝም እያለ ሲነዘንዘኝ... የውሃ ጀሪካን አመጣሁለት። እኔ ነኝ ያመጣሁለት፣ አባዬ። በል ውጣበት፣ አንተ ድንክ አልኩት። እየሳቀ ወጣ። አንዲት ጥይት።»

ምን ይጨምር?

ጥፋትህ አይደለም ልለው ፈለግኩ። ሙጫው ጣቴ ላይ እያለ በምን አፌ? አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሺላ ለካ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«የዶብሰን እናት ይሄን ታውቃለች?» አለችው።

«ምን ብዬ ልንገራት፣ እማዬ?»

ሺላም መጥታ ከእኛው ጋር ተቀመጠች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 21

ሮንዴላውን ከወታደሩ ሥር በቢላ ፈልቅቄ ጣልኩት። አንድ እግሩ አብሮ ተቆረጠ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 3

ግሪምስቢ ሄደን መጣን። የዶብሰን እናት ቤት። አድርሰኝ ያለኝ ክሬግ ራሱ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ሁለቴ «እንመለስ» አለ። ሁለቴም አቆምኩለት። ሁለቴም «በቃ ንዳ» አለኝ።

በሩን የከፈተችው ሴትዮ ከክሬግ ክርን ብዙም አታልፍም። ቀና ብላ አየችው። ሳትጠይቀው አወቀችው፤ አስገባችው። እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ብትጮህበትስ? ብትረግመውስ? ላመጣው አይገባም ነበር እያልኩ ራሴን በላሁት።

ሲወጣ በሩ ወዲያው ከኋላው ተዘጋ። ሊንከን ከተማ ልንደርስ ስንል መናገር ጀመረ።

«ሁሉንም ነገርኳት። ጀሪካኑንም።»

«እሺ።»

«ውጣልኝ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ ‹ገና በሁለት ዓመቱ የኩሽና ወንበር ላይ ሲወጣ ነው የፈጀኝ። እኔ እናቱ ማውረድ ያቃተኝን ልጅ አንተ ነህ ያወጣኸው?› አለችኝ።»

የመስታወቱን መጥረጊያ አስነሳሁት።

«ሌላ ጊዜ ግን አትምጣ አለችኝ። ‹አንተን ባየሁ ቁጥር እሱን ከኋላህ እፈልጋለሁ፤ አልችለውም፣ ልጄ› አለች።»

መንገዱ አልታይ አለኝ። ዝናቡ ነው ብዬ ነበር፤ ዝናብ አልነበረም። ዳር ይዤ አቆምኩ። ክሬግ ወርዶ በእኔ በኩል ዞረና በሩን ከፈተው። ከተመለሰ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

«ወዲያ ተጠጋ፣ አባዬ» አለኝ።

ቤት ድረስ እሱ ነዳ።