አትንኪው ያልከኝን ነካሁት

ውድ ወንድሜ ቦ-ሹን፣

እንዳትቆጣ ብዬ አልጀምርም፤ ብትቆጣም ግድ የለኝም። የቤተ መቅደሱን ኮምፒውተር ራሴ ጠግኜዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ሁልጊዜ መሀል ላይ ታቋርጠኛለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ ስጀምር ኮምፒውተሩ "አፕዴት አለ" አለኝ፣ እሺ አልኩት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አጥፍቼ ባበራው የይለፍ ቃሌን ይቀበላል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ መልሶ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። አሥር ጊዜ ጻፍኩ፣ አሥር ጊዜ ከበር መለሰኝ።

ውስጡ ያለው የስምንት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ስም ነው። ዓርብ ታትሞ፣ ቤተሰቦቹ ለዓመቱ በረከት ቤተ መቅደሱ ውስጥ በሚያበሩት መብራት ላይ ካልተለጠፈ ሰው አዲሱን ዓመት ያለ ስሙ ሊጀምር ነው። የቤተ መቅደሱ ሊቀመንበር አቶ ዡዋን ሰምተው ከባለቤታቸው ጋር ወዲያው መጡ።

"ዪን-ቻይ፣ የአምናውን ወረቀት ለጥፈን እንገላገል።"

"የአምናው ላይ እኮ የሞቱ አሉበት ጋሼ። ዘንድሮ የተወለዱት ደግሞ የሉበትም።"

"አማልክቱ ያውቃሉ።"

"ካወቁማ እኔን አሥራ አንድ ዓመት ለምን አስጻፉኝ?"

ባለቤታቸው ደግሞ ማሽን እንዳይለግም ላዩ ላይ የምናስቀምጠውን የብስኩት ከረጢት አንስተው አገላበጡት። "ይሄ ቢጫ ነው። ማሽን የሚያስታግሰው አረንጓዴው የት ሄደ?"

"በላሁት እትዬ። ኅዳር ላይ ራበኝ።"

"በይ እንግዲህ፣ የኮምፒውተሩን ነፍስ የበላሽው አንቺ ነሽ።" ይኸው እስከ ዛሬ እንዲህ እያሉ ያስቁብኛል።

ሊቀመንበሩ እስከ ዓርብ ቀትር ጊዜ ሰጡኝ። ከዚያ ካለፈ የአምናው ይለጠፋል፣ አለቀ። ደወልኩልህ። ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? "እህቴ፣ እንዳትነኪው። ቅዳሜ ስመጣ አየዋለሁ። አንቺ አይገባሽም።"

ቦዬ፣ ይቺን ቃል ከአሥራ ሁለት ዓመትህ ጀምሮ ስትላት ሰምቼሃለሁ። ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረስኩ ጃንጥላ ፋብሪካ የገባሁት አንተ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ነው፤ ወድጄ አደረግሁት፣ አሁንም አልቆጨኝም። ያቺን ቃል ግን አንድም ቀን ወድጃት አላውቅም። ነግሬህ አላውቅም እንጂ።

ስልኩን ዘጋሁና በዚያው ስልክ፣ እንደኛ ኮምፒውተር በሊኑክስ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች በሚጠያየቁበት ገጽ ላይ የደረሰብኝን በሙሉ ጻፍኩ። እኔ ስጽፍ እንዴት እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ የከረጢቱንም አልተውኩ። ራሱን "አሮጌ ዓሣ" ብሎ የሚጠራ፣ ፒንቱን ከተማ የሚኖር ሰው መለሰልኝ፤ "እናቴ፣ ብስኩቱን ተይውና ሦስት ቁልፍ አብረሽ ተጫኚ" ብሎ የትኞቹን እንደሆነ ነገረኝ። ስጫን ስዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ገጽ መጣ። ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። አስገባኝ። ለካ ቤቱ አልፈረሰም፣ የፊት በሩ ብቻ ነው የተሰበረው።

የስሞቹን መዝገብ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ከላይ እስከ ታች ትንንሽ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ። አንድ ስም የለም። አያቶች፣ ሙሽሮች፣ ሕፃናት፣ ሁሉም ሳጥን ሆነው ቀሩ ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ላንተ ልደውል ስልኩንም አንስቼ ነበር።

አሮጌ ዓሣ ግን "ያ ጥቁር ገጽ የኛን ፊደል ማሳየት አይችልም፤ አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም። ፍላሽ ላይ ገልብጪና ሌላ ቦታ ክፈቺው" አለኝ። አገለባበጡን ፊደል በፊደል ጻፈልኝ። ፍላሹን ይዤ ጎረቤታችን ፋርማሲ ሮጥኩ፤ ፋርማሲስቷ የመድኃኒት ተራ የያዙትን አስቁማ ከፈተችልኝ። ሁሉም አሉ። የጃንጥላ ጠጋኙ የሽዬ መንታ የልጅ ልጆችም ጭምር። ወረፋ ላይ የነበሩት ሰዎች ሳይገባቸው አጨበጨቡልኝ።

ስሞቹ እጄ ከገቡ በኋላ ማን ይፈራል? ተመልሼ ኮምፒውተሩ የሚለውን ፎቶ አንስቼ ገጹ ላይ ለጠፍኩና እኔም ማንበብ ጀመርኩ። እናንተ የተማራችሁት ስህተት የሚል ነገር ስታዩ ታልፉታላችሁ። እኔ አላልፍም። በሰው ስም ፊደል ላይ አንዲት ጭረት ከሳትኩ በረከቱ ሌላ ቤት ይገባል፤ ሥራዬ እያንዳንዷን ጭረት ማየት ነው። ከአርባ መስመር መሀል አንዷ "ቦታ የለም" ትላለች። ለአሮጌ ዓሣ ላክሁለት። "ዓይንሽ ይባረክ፤ ገጹ ላይ ሦስት ሰው አይቶ አልፎት ነበር" አለኝ።

ቦታውን ምን እንደሞላው ልንገርህ? አንተ። ለጥንቃቄ ብለህ በየቀኑ የኮምፒውተሩን ቅጂ እንዲያስቀምጥ አድርገኸው ሄድክ፤ ማስቀመጡን እንጂ የቆየውን መጣሉን አላዘዝከውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከምር ከርሞ አፕዴቱ መግቢያ አጣ። አሮጌ አሮጌዎቹን አጠፋሁ። የተቋረጠው ሥራ እንዲጨርስ አዘዝኩት፣ የተሰበረውን የፊት በር፣ ማለትም የዴስክቶፑን ዕቃዎች፣ እንደገና አስጫንኩት፣ አጥፍቼ አበራሁ። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ጠቆረ። ከዚያ ያ የዴስክቶፑ የባሕር ስዕል ከነምልክቶቹ ፊቴ ተዘረጋ።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ነበር። ሐሙስ ሁሉንም አትሜ ለጠፍኩ። አቶ ዡዋን መነጽራቸውን አድርገው የሟች ወንድማቸው ስም መነሳቱን፣ የልጅ ልጃቸው ስም መግባቱን አዩ። "ጥሩ ነው" ብቻ ነው ያሉት፤ ግን መብራቱን በእጃቸው ነኩት።

ቅዳሜ ስትመጣ እንግዲህ ለጥገና አትቸኩል። የዓሣ ኳስ ሾርባ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ። የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ። መግባት ካማረህ መጀመሪያ ምን ልታደርግ እንደሆነ አስረዳኝ፤ ካመንኩበት ራሴ ከፍቼልህ አጠገብህ ቆሜ አይሃለሁ።

የምትወድህ ታላቅ እህትህ፣
ዪን-ቻይ
ሉካን፣ ከመብራቶቹ ጠረጴዛ