የረፋዱ ዝናብ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጭጋግ። ነፋስ የለም። የነበርን፦ እኔና ዘበኛው ጋሽ አላምረው። የዝናብ መለኪያው ውሃ 11.4 ሚ.ሜ.። ሁለቴ አነበብኩ፣ ደፋሁ፣ ጻፍኩ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ኮራሁ። የአስተያየት ዓምዱ ላይ በእንግሊዝኛ «ሬይን አት ናይት»፣ ሌሊት ዘነበ፣ ብዬ ሳልሰርዝ ሳልደልዝ አሰፈርኩ። ዝናብ ለኪው መጋቢት ላይ ተዛውሮ ሲሄድ፣ ከቡሬ ወጣ ባለው በዚህ ጣቢያ የቀረሁት ጠራጊዋ ነኝ። ሲለካ አይ ስለነበር ቀጠልኩ። መዝገቡ ላይ ግን የምጽፈው የእሱን ስም ነው። ኃላፊያችን እንደዚያ አድርጊ አሉኝ።

እንግሊዝኛውን ያስተማረኝ የለም። ባለሱቆቹ ጨውና ሻማ ከሚጠቀልሉበት የመማሪያ መጽሐፍ ቅዳጅ ለቀምኩት። ሞርኒንግ፣ አፍተርኑን፣ ኢቭኒንግ «ኢን» ይወዳሉ። ኑንና ናይት «አት»። ለምን? እንጃ። ሰዓቱ በቁጥር ከሆነም «አት» ነው፤ የእኛ ሦስት ለእነሱ ዘጠኝ።

ኃላፊያችን ደብዳቤ አነበቡልኝ። ተቆጣጣሪ ይመጣል። መዝገቡን አይቶ ወይ ሥራው ለእኔ ይጸናል፣ ወይ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ከባሕር ዳር ይላካል። እኔ ወደ መጥረጊያዬ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ማታ 12 ሰዓት



ጎረቤቴ እማሆይ የሺ ትናንት ማታ ዐረፉ። ጠዋት ቀብር። መቅረት አይቻልም፤ የእናቴን አስከሬን የተሸከሙት ልጆቻቸው ናቸው። ለ3 ሰዓት እደርሳለሁ ብዬ ነበር፣ ፍትሐቱ ረዘመ። መንገድ ላይ ዶፍ ወረደብኝ። ጣቢያ ስደርስ 5 ሰዓት።

የሦስት ሰዓቱ ውሃ የትናንት ቀንና የሌሊቱ ነው። ከሦስት ወዲያ የወረደው ለነገ ይቆጠራል። አሁን ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ ተቀላቅለዋል። 23.0። ማን ይለያቸዋል?

ለኃላፊው ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ኢን ዘ ሞርኒንግ በይና እለፊው። አምስት ሰዓትስ ጠዋት አይደለም እንዴ? ምን ውሸት አለበት?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ውሸት የለበትም። ግን ያነበበው ሁሉ ሦስት ሰዓት ላይ የተለካ ይመስለዋል።

ቁጥሩን ጻፍኩ። ዓምዱን ባዶ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8፣ ቀትር

ፀሐይ ብልጭ ብላ ጠፋች። ቅዳጆቼን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘረገፍኩ። «አት 11» ብል መዘግየቴ ይታወቃል፤ ዝናቡ መቼ እንደወረደ ግን አይታወቅም። እኔም ዶፉ ሲወርድብኝ ሰዓት አላየሁም፤ የማውቀው ረፋድ እንደነበር ነው። ለረፋድ ቃል የለኝም። ማለዳ አለኝ፣ ቀትር አለኝ፣ ምሽት አለኝ።

ጋሽ አላምረውን ጠየቅኳቸው፣ ለወግ ያህል። «ፈረንጅ ረፋድ የለውም? ታዲያ ቁርሱን በልቶ ምሳው እስኪደርስ የት ይደበቃል?» አሉና ብቻዬን አሳቁኝ።

ከዚያ አንዲት የሻማ ቅዳጅ። ሰውየው ከእርሻ ወደ ቤቱ ሲገባ «ሌት ኢን ዚ አፍተርኑን» ትላለች። የእነሱ «ሌት» ዘግየት ያለውን ነው፣ ከሰዓቱ ወደ ማታ ገደማ ሲል፤ ገባኝ። አፍተርኑን ያገኘውን ሞርኒንግ ለምን ይነፈጋል? ብዕሬን አነሣሁ፦ «ሬዲንግ አት 11። ሬይን አት ናይት ኤንድ ሌት ኢን ዘ ሞርኒንግ።»

ማንም ያልሰጠኝ ቃል። ራሴ ገጠምኩት! ወደ ገበያ ስወርድ ቀና ብዬ ሄድኩ።

ስመለስ ፈራሁ። እንጀራዬን በገዛ እጄ ጽፌ አባረርኩት ይሆን? አልሰርዘውም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

ደመና። የነበርን፦ ተቆጣጣሪው፣ ኃላፊው፣ እኔ። ጋሽ አላምረው በሩ ላይ፣ እንዳልሰሙ ሆነው።

ተቆጣጣሪው ልጅ እግር ነው፣ ባለመነጽር። ገጽ በገጽ አየ። ሐምሌ 6 ላይ ጣቱ ቆመ። ኃላፊው ቀደም ብለው ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ተሳስታ ነው አሉት። አልተሳሳትኩም አልኩ። ድምፄን እኔም አላወቅሁትም። ቀብር ነበርኩ፣ ዘገየሁ፣ የሌሊቱና የረፋዱ ዝናብ ተቀላቀለብኝ አልኩት።

ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። 23.0ን ከበበው። ይህ ቁጥር አይቆጠርም አለ።

ቀጥሎ፦ «ስንት ጣቢያ ዞሬያለሁ። ዘገየሁ ብሎ የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም።» ጣቱን ወደ ዝናብ ለኪው ስም አወረደ። «ይሄ ሰውዬ ከሄደ አራት ወሩ አይደል እንዴ? ስሙ እዚህ ምን ይሠራል?» ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ የለካው ሰው ስም ይጻፍ። እኔም ሥራው ይጽና ብዬ ለአዲስ አበባ የምጽፈው ያንኑ ስም ነው።»

ሲወጣ ጋሽ አላምረው እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጡኝ። ለእኔ፣ ለእሱ አይደለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 14፣ ጠዋት

ሰማዩ ጠራ። የነበርን፦ እኔና ጋሽ አላምረው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ግቢውን ጠረግሁ። እጄን ታጠብኩ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ክዳኑን አነሣሁ። 8.2። ሁለቴ አነበብኩ። ደፋሁ። አስተያየት፦ «ሬይን ኢን ዚ ኢቭኒንግ።» የለካው፦ ይታይሽ ዓለሙ። ቀለሙ እስኪደርቅ መዝገቡን አልዘጋሁትም።