ታጋሽ ብለው ጽፈውብሻል

አስካልዬ እህቴ፣

የፊታችን እሑድ ከተለያየን ሰባት ዓመት ይሞላናል። ፊደል የማትለየው እህትሽ በስድሳ አራት ዓመቴ ማንበብ ቻልኩ። እዚሁ ለንደን፣ ብሪክስተን፣ ከፎቃችን ሥር ባለው አዳራሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ የልጅ ልጄን የምታክል አስተማሪ አማርኛ ማንበብና መጻፍ አስተማረችን። ለልምምድ ከቤታችሁ ያለ ጽሑፍ አምጡ ስትል፣ በቀብርሽ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክሽን ይዤ ሄድኩ።

«ከባለቤቷ ጋር በፍቅርና በመተሳሰብ ኖራለች» ይላል። ከላይ ያለው ፎቶ አፍሽን የገጠምሽበት ነው፤ ባልሽ ጌታሁን ሁለቱን የፊት ጥርሶችሽን ካወለቃቸው ወዲህ ሌላ ዓይነት ፎቶ የለሽም። «በታጋሽነቷ የምትወደድ» ይላል ደግሞ። ለተደበደበች ሴት የሚሰጧት ሹመት ይኼ ነው። «ባደረባት ሕመም» ይላል። ሃያ ዓመት ቤትሽ ሲያድር የኖረውን ሕመም በስሙ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጦ መሐረብ ይዞ ይነፋረቅ ነበር።

የጻፉት እዚህ ያለው የማኅበራችን ሽማግሌዎች ናቸው። ስንቴ ሃክኒ ቤትሽ ድረስ ለዕርቅ መጥተው፣ አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ ብለውሽ፣ ያቀረብሽላቸውን በልተው ሄዱ! ብዕር ሲጨብጡማ ደግሞ እንዴት ያምርባቸዋል።

እኔስ ከማን እሻላለሁ? ወረቀቱን አንብበውልኝ ይሁን ወይ ሲሉኝ፣ ይሁን ያልኩ እኔ ነኝ። ከዚያም በፊት፣ ሻንጣሽን ይዘሽ በሬ ላይ ስትቆሚ፣ ሴት የቤቷን ገመና አታወጣም የሚለውን የእናታችንን ትምህርት ደግሜልሽ፣ ባስ ላይ አሳፍሬ መለስኩሽ። ያበጠ ከንፈርሽን ለማየት ፊደል አያስፈልግም ነበር።

ጌታሁን ሌላ አግብቷል። ሚስቱን ባለፈው ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ለሙት ዓመትሽ ያንኑ ወረቀት አባዝቶ ልኳል። ሽማግሌዎቹም፣ እትዬ ተዋቡ በእርጅናቸው ፊደል ቆጥረዋል፣ እንግዲያው እሳቸው ያንብቡልን ብለው ተሳሳቁ። እሺ አልኳቸው።

የእኔን ጽፌ ጨርሻለሁ። አንድ ገጽ ነው፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ጥርስሽ አለበት፣ የእነሱ ምክር አለበት፣ በባስ የመለስኩሽም አለበት፤ የምጀምረውም ከእሱ ነው። ወረቀቱን ከእጄ ቢነጥቁኝ በቃሌ እጨርሰዋለሁ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር በቃሌ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ።

እህትሽ ተዋቡ