የአባባ ኮት ትርፍ ጨርቅ

በሩቅ ላለኸው ለወንድሜ ይድረስ። ጤናህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? እኛ በጣም ደህና ነን፤ ምንም አታስብ።

ለአባባ የላክኸው ኮት ደርሷል። ቀለሙ ፊታቸውን ፈካ አደረገው። ግን ወንድምዬ፣ በድሮው ልካቸው ነው የገዛኸው። "ኮት ስትገዙ ትከሻውን እዩ፤ ወገቡን መቀስ ያስተካክለዋል" እያሉ ነው ያሳደጉን፤ ይኸው ትከሻው ክንዳቸው ላይ ወረደ። "ልጄ ለሁለት ሰው ነው የገዛው" ብለው ሳቁ።

ሱቃቸውን ወደተረከበው ልብስ ሰፊ አብረን ሄድን። ቅርብ ስለሆነ መንገድ ላይ ያረፍነው ሦስቴ ብቻ ነው። ሰውየው ከለካቸው በኋላ "ጋሼ፣ ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ልተውልዎት አይደል?" አላቸው። አባባ አርባ ዓመት ሲሰፉ ትርፍ ቆርጠው አያውቁም። "ሰው ነገ ይወፍራል" ይሉ ነበር፤ ታስታውሳለህ?

"ቁረጠው" አሉት።

አዲሱን ልካቸውን አልጽፍልህም፤ ደብዳቤው እስኪደርስህ ይለወጣል። ሌላ ልብስ ከማሰብህ በፊት ራስህ መጥተህ ለካቸው።

አባባ ሰላም ብለውሃል። እንዳልኩህ ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተም ደህና ሁንልን።

እህትህ

ቁራጩን አልጣልኩትም።