ከመጋረጃው ኋላ ያለው ሥዕል

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

የአንኮበር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔና ባለቤቴ ገብረ ሕይወት፣ ልትጠይቀኝ የመጣችው እህቴ አልታየች ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ወረቀት ጎረቤቴ ዙቤዳ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ፊደል ታውቂ የለም? ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ባለቤትሽ ጋሽ ወልደተንሣኤ እንዳይሰሙት።

ገብረ ሕይወት የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ቴሌቪዥን ገብቶለታል። ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ስለ ሥዕል ታሪክ የሚናገር ፊልም እናያለን። አንቴናው ረጅም ቢሆንም አንዳንዴ ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስላል። የግብፅን መቃብሮች አየን፤ የሮማን አብያተ ክርስቲያናት አየን። እኔም የሠዓሊ ልጅ ነኝና አባዬ ይህን ባዩ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተራው የአገራችን ሆነ። ድንገት የኛው ደብር ብቅ አለ! አባዬ ሥዕሉን ሊጨርሱ ሲሉ ከመሰላል ወድቀው የሞቱበት ግድግዳ። በወንዶቹ መቆሚያ በኩል ከፍ ብሎ ስላለ፣ ኋላም ጋሽ ወልደተንሣኤ አቧራ እንዳያበላሸው ብለው መጋረጃ ስለጋረዱበት፣ እኔ አይቼው አላውቅም። ፊልም አንሺዎቹ መጋረጃውን ገልጠው መብራት አበሩበት። ስቅለቱ ነው። ተናጋሪው ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ አስረዳ።

ከዚያ ከጌታ ከሳሾች አንዱን አቅርበው አሳዩ። ዙቤዳ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ "ያ አላህ! ይሄ የእናትሽ ባል አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። አልዩ አምባ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥላቸው የኖረች ናት፣ አትሳሳትም። የቅንድባቸው ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ቀለም እየበጠበጡ፣ መሰላል እየያዙ ያገለገሏቸውን ሰው አባዬ ስለምን ከከሳሾች ጋር ሣሏቸው? ያን ቀንስ መሰላሉን ማን ይዞት ነበር?

ያች አንዲት ዓይን ከቴሌቪዥኑ ሣጥን ውስጥ ፈልጋ ያገኘችኝ መሰለኝ። ተነሥቼ ቦታ ቀየርኩ። እዚያም አየችኝ።

አልታየች ያየችው ግን ሌላ ነው። ከሰውየው ኋላ ነጠላ የተከናነበች ሴት የልብሱን ጫፍ ይዛ ቆማለች። አንገቷ ላይ እንዳንቺው ሦስት መስመር ንቅሳት አላት። ብዙ ሴት ይነቀሳል፣ አውቃለሁ። ፊቷን ሊያሳዩን ሲሉ በረዶው መጣ፤ ምስሉ ሲመለስ ሌላ ደብር ነበር። ከዚያ ወዲህ አልታየች ስላንቺ ሳነሣ ተነሥታ ከቤት ትወጣለች።

እመዬ፣ እህቴን ለገና አልልካትም። እዚሁ ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ። ገብረ ሕይወት የደብሩን አለቃ አስፈቅዶ መጋረጃውን ሊያስገልጥ ቅዳሜ ይመጣል። ከሱ አፍ ሳልሰማ ካንቺ ብሰማ እመርጣለሁ። እዚያ ቤት የምትኖሪው ፈርተሽ ከሆነ፣ ዕቃ እይዛለሁ ሳትዪ አብረሽው ነዪ፤ አልጋሽን አንጥፌያለሁ። ካልመጣሽም ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

የአባዬን ነፍስ በገነት ያኑርልን። አንቺንም አምላክ ይጠብቅሽ፤ ከምን እንደሚጠብቅሽ እሱ ያውቃል።

የሆድሽ በኩር፣
ልጅሽ